የቲማቲም ችግኝ ገና ሳይጠነክር ሲያብብ፦ አበባውን እንቀንጥስ ወይስ እንተው?

የቆጪ ጓሮ | ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ የጓሮ ወዳጆች። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያባራ ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ የገዛኋቸው ቲማቲሞች ገና ከስንዝር ብዙም ሳይረዝሙ ማበብ ጀምረዋል። ግማሾቹን መደብ ላይ አዛውሬያቸዋለሁ። የቀሩት ግን የተረፈውን መሬት ጎመን ስለያዘው እስካሁን በጥቁሩ ፕላስቲክ ውስጥ ናቸው። ሻጩ አንደኛውን ዓይነት «ሮማ ነው» ብሎ፣ ሌላኛውን ደግሞ «ይህ የሚረዝመው ነው፣ እንጨት ይፈልጋል» ብሎ ነው የሸጠልኝ።

ጎረቤቴ ትናንት በአጥር በኩል አይታ «ይህን አበባ ዛሬውኑ ቀንጥሺው፤ አለበለዚያ ልጅ ያዘለች ልጅ ይሆንብሻል» አለችኝ። ባለቤቴ በበኩሉ «ቲማቲም የተከልነው ለፍሬው አይደለም እንዴ?» እያለ ይስቃል። ሁለቱም አነጋገራቸው ያሳምናል። እዚህ ጅማ ውስጥ ሞክራችሁ ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። የውጭ አገር ቪዲዮ አይቻለሁ፤ እነሱ በመስታወት ቤት ስለሚተክሉ ከእኔ ጓሮ ጋር አይገናኝም።

---

የአጋሮ ልጅ | ኅዳር 8

ጎረቤትሽ ልክ ናት። ቡና ያለበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። ቅርንጫፉ ሳይጠና ከአቅሙ በላይ ያፈራ ቡና ቅጠሉ ይረግፋል፣ የቅርንጫፉ ጫፍ ይደርቃል፣ በሚቀጥለው ዓመትም ባዶውን ይቆማል። መጀመሪያ አካል፣ ከዚያ ፍሬ። ቲማቲሙ ጉልበትሽ ጋ እስኪደርስ ድረስ የሚወጣውን አበባ ሁሉ ቀንጥሺ። ወፍራም ግንድና ሰፊ ቅጠል ይኖረዋል፤ በኋላ የሚሰጥሽ ፍሬ የቀረብሽን ያስረሳሻል።

---

እናት ጅሬን | ኅዳር 9

ልጄ፣ እኔ ቲማቲም መትከል የጀመርኩት በደርግ ዘመን ነው። አንድም ቀን አበባ ቀንጥሼ አላውቅም። ወጡም አልጎደለበት፣ ሰላጣውም አልቀረ።

ችግኙ ቀጫጫ ሆኖ ካስፈራሽ አበባውን ከምታጠፊ ግንዱን ቅበሪው። የታችኞቹን ቅጠሎች አንሺና እስከ ላይኛው ቅጠል አቅራቢያ ድረስ አፈር አልብሺው። የቲማቲም ግንድ አፈር ከነካው እዚያው ላይ ስር ያበቅላል፤ ጎመን ይህን አያደርግም፣ ቃሪያም እንደ ቲማቲም አይሆንልሽም። መሬትሽ ውሃ የሚቋጥር ከሆነ ጉድጓዱን አታጥልቂው፤ ግንዱን ጋደም አድርገሽ ቅበሪውና ጫፉን ብቻ ቀና አድርጊው፤ በራሱ ጊዜ ወደ ፀሐይ ይዞራል። ማታ ላይ ትከይው፤ ቀን ላይ የተተከለ ይጠወልጋል።

የአጋሮ ልጅ፣ አንተንም እግዚአብሔር ይባርክህ። ጉልበት እስኪደርስ ስትል ግን ሮማ የሚባለው መቼ ነው ጉልበት የሚደርሰው? ደርሶስ ምን ሊተርፈው ነው?

---

መልኮ ማዶ | ኅዳር 9

የችግኝ ጣቢያ ሥራ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ጥያቄ የምለው አለኝ። ረዘም ቢልባችሁ ታገሡኝ።

የአጋሮ ልጅ፣ በመጀመሪያ ቡናውን እናስቀምጠው። ቡና የመጀመሪያ ደህና ምርቱን የሚሰጠው በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት አካባቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ይኖራል። ስለዚህ ዛሬ የቀረ ፍሬ ለነገ ቅርንጫፍ ይሆናል። እዚህ ጓሮ ውስጥ ያለ ቲማቲም ግን ከዘር እስከ መጨረሻው ለቀማ ዕድሜው አራት፣ ቢበዛ አምስት ወር ነው። ከዚያ በፊት ምች የምንለው ቅጠል አቃጣይ በሽታ ካልወሰደው ማለቴ ነው። የሚቀጥለው ዓመት የሚባል ነገር የለውም። አበባ ላይ የቆጠብነውን በሌላ ወቅት አንሰበስበውም፤ በዚያው አጭር ዕድሜው ውስጥ መመለስ አለበት።

ሁለተኛ፣ ዛሬ ያየሽው አበባ ዛሬ የተወሰነ አይደለም። ቲማቲም የመጀመሪያውን የአበባ ዘለላ የሚጀምረው ገና ሁለትና ሦስት እውነተኛ ቅጠል (ሲበቅል ከሚታዩት ሁለት ቅጠሎች ቀጥሎ የሚወጣውን) ይዞ የችግኝ መደብ ላይ እያለ ነው፤ ለዓይን የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። በዚያ ጊዜ ብርድ ካገኘው ደግሞ ከአበባው በፊት የሚያወጣው ቅጠል ቁጥር ያንሳል፣ የአበባው ቁጥር ይጨምራል። የጅማ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ከጥቅምት በኋላ ሌሊቱ ይበርዳል። ስለዚህ አጭር ሆኖ ያበበ ችግኝ ሁሉ ታሟል ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ዋናው ነው። አበባ ራሱ ብዙ አይበላም፤ የሚበላው ፍሬው ነው። ፍሬ ከያዘ በኋላ ቅጠሉ የሚሠራው ስኳር ወደ ፍሬው ይሳባል፤ ስሩ ድርሻው ይቀንስበታል። ስሩ ቀድሞ የተንሰራፋ ከሆነ ይህ ጉዳት የለውም፤ ቅጠሉ ለሁሉም ያደርሳል። ስሩ ገና ያልያዘ ከሆነ ግን ተክሉ እዚያው ቀጭጮ ይቀራል፤ ሁለት ሦስት ፍሬ ይሰጥና ያበቃል። ስለዚህ በስንዝርም በጉልበትም አትለኪው። አዲስ ቅጠል እያወጣ ነው? ጫፉ ለምለም ነው? ጠዋት ቀና ብሎ ታገኚዋለሽ? መልሱ አዎ ከሆነ አበባውን ተይለት።

አሁን ወደ አንቺ ችግኞች። ሮማ የሚባለው ዓይነት ቁመቱ የተወሰነ ነው። በየአንድና ሁለት ቅጠሉ አበባ ያወጣል፣ በመጨረሻም የግንዱ ጫፍ ራሱ አበባ ሆኖ ይቆማል። የሚሰጠው ዘለላ የተቆጠረ ስለሆነ የመጀመሪያውን መቀንጠስ ከጠቅላላው ላይ መቀነስ ነው። የሚረዝመው ዓይነት ደግሞ በየሦስት ቅጠሉ አንድ ዘለላ እያወጣ ይቀጥላል። እዚያ ላይ አንድ ዘለላ ቢነሳ የመጀመሪያው ለቀማ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይዘገያል እንጂ ተክሉ ይተካዋል። ሻጩን ካላመንሽው ራስሽ ቁጠሪ፤ በሁለት የአበባ ዘለላዎች መካከል ስንት ቅጠል አለ?

በፕላስቲክ ውስጥ ያሉትን ግን ዛሬውኑ ቀንጥሻቸው፤ ሮማም ቢሆኑ። ችግኝ መዛወር ያለበት በአራትና በአምስት ሳምንቱ፣ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ሲረዝም ነው። ያንቺዎቹ ዕድሜያቸው አልፏል፤ ስራቸው ፕላስቲኩን እየዞረ ነው። ስትተክያቸው የተጠማዘዘውን ስር በጣትሽ ፈታ አድርጊው፣ እናት ጅሬን እንዳሉት ግንዱን ቅበሪ፣ አበባውንና የያዘውን ፍሬ አንሺ። ከዚያ በኋላ የሚወጣውን አትንኪ።

---

የአጋሮ ልጅ | ኅዳር 9

ወንድሜ መልኮ ማዶ፣ ቡናዬን በፊት በር አስወጥተህ በጓሮ በር አስገባኸው። «ስሩ ያልያዘ ተክል ፍሬ ቢሸከም እዚያው ይቀራል» ያልከው እኮ እኔ ያልኩት ነው። ልዩነታችን አንተ ፕላስቲክ ውስጥ ላለው ብቻ ትላለህ፣ እኔ ለሁሉም እላለሁ። ከተዛወረ ሦስት ሳምንት ያልሞላው ችግኝ ስሩ ይዟል ብሎ የሚምል ማን ነው? ከላይ ሆኖ አይታይ!

---

መልኮ ማዶ | ኅዳር 9

ስሩ አይታይም፣ ጫፉ ግን ይታያል። ከተዛወረ በኋላ አዲስ ቅጠል የዘረጋ ችግኝ አዲስ ስር ሳያወጣ አልዘረጋም። ያልዘረጋ ካለ አዎ፣ ቀንጥሰው፤ በዚህ አልከራከርህም። የምቃወመው «ሁሉንም፣ ጉልበት እስኪደርስ» የሚለውን ነው።

---

ሰርቦ መስኖ | ኅዳር 10

አሰላሙ አለይኩም። ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ጓሮ ነው፤ እኔ የምተክለው ለገበያ ነው። በመስመር መካከል አንድ ሜትር፣ በተክል መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሩብ ሄክታር ላይ ከ8,000 በላይ ተክል ይቆማል። ማን ቀጥሮ ነው አበባ የሚያስቀነጥሰው? የቀን ሠራተኛው ደግሞ በፍጥነት ሲሠራ ከአበባው ጋር የእድገቱን ጫፍ አብሮ ይወስደዋል። ሮማ ላይ ጫፉ ከሄደ ጨዋታው አለቀ።

ሌላው የቀን ጉዳይ ነው። ዛሬ የፈነዳ አበባ በዚህ ብርድ ቀልቶ የሚለቀመው ጥር አጋማሽና መጨረሻ ላይ ነው። ዘንድሮ ሁዳዴ የካቲት 9 ይገባል፣ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ነው። ሁለቱ ጾሞች አብረው ሲገቡ ቲማቲም በየቤቱ ይፈለጋል። እኔ በዚያ ጊዜ ማሳዬ በሙሉ ጉልበቱ እየሰጠ እንዲሆን እፈልጋለሁ። መጋቢት ላይ ዝናቡ ሲመለስ የምች በሽታውም አብሮ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ መድኃኒት ለመርጨት የማወጣው ወጪ ትርፉን ይበላዋል። ስለዚህ ከፊት የሚቀር ሳምንት ከኋላ አይካካስልኝም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ወይም በመቂ ያለ ገበሬ ሌላ ሒሳብ ሊኖረው ይችላል። እዚህ ደረቁ ወቅት አጭር ነው።

---

ሒርማታ ነጋዴ | ኅዳር 10

እኔ ቲማቲም ተቀብዬ የምሸጥ ነኝ፤ አልተክልም። ግን አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው ለቀማ ብሎ ገበሬ የሚያመጣልኝ ብዙ ጊዜ መልኩ አያምርም። ከታች በኩል የተጨማደደ፣ ጠባሳ ያለበት፣ አንዳንዱም ሁለት ፍሬ የተጣበቀ የሚመስል ነው። በሣጥን ሲደረደር ስለሚጨፈለቅ ዋጋ እቀንሳለሁ፤ ገበሬውም ይቀየመኛል። ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ያው ሰው ከዚያው ማሳ ልሙጥ ቲማቲም ያመጣል። ታዲያ ያን የመጀመሪያውን ቀንጥሶ ቢጥለው ምን ይጎዳል?

---

መልኮ ማዶ | ኅዳር 10

ጥሩ ነጥብ ነው፤ እስካሁን ማንም አላነሳውም። ያ የሚጨማደደው ፍሬ እንቡጡ ገና እየተሠራ ሳለ ሌሊቱ በጣም ስለቀዘቀዘ የሚመጣ ነው፤ በሽታ አይደለም፤ ትልልቅ ፍሬ በሚይዙ ዓይነቶች ላይ ይበረታል፤ እንደ ሮማ ሞላላ ፍሬ ባላቸው ላይ ብዙም አይታይም። አበባው ራሱ ሲታይ ወፍራምና የተደራረበ ይሆናል፤ እንደ ሌሎቹ አምስትና ስድስት ቀጭን ቅጠል ያለው ኮከብ አይመስልም። እንዲህ ያለውን አበባ ነጥሎ መቀንጠስ ተገቢ ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ። ዘለላውን ሙሉ ግን አልነካም፤ ከጎኑ ያሉት ጤነኞች ናቸው።

ለገበያ ለሚያመርተው ግን ሰርቦ መስኖ ያሉትን አስብ። የተጨማደደም ቢሆን ለሥልስ ይሆናል፤ የተቀነጠሰ ግን ለምንም አይሆንም።

---

ባለባልዲ | ኅዳር 12

ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። አንዱ ባልዲ ውስጥ፣ ሌላው በአሮጌ ጀሪካን ውስጥ በረንዳ ላይ ተክያለሁ። ትንንሽ ፍሬ የሚሰጠው ዓይነት ነው፤ በጣም ይረዝማል። ለእኔስ ምን ትላላችሁ? ደግሞ አንዱ የግብርና ዕቃ መሸጫ «አበባ የሚያስይዝ መድኃኒት» ሊሸጥልኝ ነበር።

---

መልኮ ማዶ | ኅዳር 12

ትንንሽ ፍሬ የሚሰጠው በዘለላው ላይ ብዙ ይይዛል፣ እየረዘመም ይቀጥላል፤ አበባውን ለመቀንጠስ ከሁሉም ያነሰ ምክንያት ያለው ዓይነት ይህ ነው። ባልዲ ውስጥ ዋናው ችግር አፈሩ ማነሱና ውሃው መዋዠቁ ነው። አንድ ቀን ደርቆ፣ በማግስቱ ተጥለቅልቆ ከሆነ የፍሬው ታች ይጠቁራል፤ ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚደርሰው በውሃው ነውና። ከአበባው ይልቅ ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ብብት የሚወጣውን ቀንበጥ ቀንስ፤ አንድ ወይም ሁለት ግንድ ብቻ አስቀር። ባልዲው ከታች መበሳቱንም አረጋግጥ። መድኃኒቱን ተወው፤ ገንዘብህን ለኮምፖስት አውለው።

---

እናት ጅሬን | ኅዳር 12

ዩሪያም አታብዛ ልጄ። ዩሪያ ያበዛ ሰው ቅጠል ያመርታል፤ ቅጠል ደግሞ አይበላም። ጎረቤቴ ቲማቲሟ አጥር አልፎ መንገድ ሊወጣ ደርሶ አንድ ፍሬ አላየችበትም ነበር።

---

ዝምተኛው | ኅዳር 13

ለምትቀነጥሱ ሰዎች፦ እጃችሁን ታጠቡ፤ በተለይ ትንባሆ የሚያጨስ ሰው በሳሙና ይታጠብ። በትንባሆ ላይ የሚኖር ቫይረስ በእጅ ወደ ቲማቲም ይተላለፋል፤ ቅጠሉን ያዥጎረጉረዋል። ጤዛው ሳይደርቅም አትንኩት። እርጥብ ቁስል በሽታ ይጋብዛል። ምላጭና መቀስ አያስፈልግም፤ የአበባው ጭራ ላይ አንጓ የመሰለ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ በጥፍር ሲጫኑት በራሱ ይለያል።

---

የቆጪ ጓሮ | ኅዳር 17

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ጎመኑን ነቅዬ በፕላስቲክ የነበሩትን ተከልኩ፤ ስራቸው በእርግጥ እንደ ጥቅልል ክር ነበር። አበባቸውን አነሳሁ፣ ግንዳቸውንም ጋደም አድርጌ ቀበርኩ። መደብ ላይ ያሉትን ሮማዎች ተውኳቸው። ከሚረዝሙት ከፊሎቹን ቀነጠስኩ፣ ከፊሎቹን ተውኩ፤ ጎረቤቴንም ባለቤቴንም ላለማስቀየም።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ያልነካኋቸው አበቦች ራሳቸው እየረገፉ ነው! ጭራው ላይ ቢጫ ይሆንና በነካሁት ቁጥር ይወድቃል። ጎረቤቴ «አላልኩሽም? ተክሉ ራሱ አልቻለውም» አለች።

---

የአጋሮ ልጅ | ኅዳር 17

እኔም «አላልኩሽም?» ልል ነበር፤ ጎረቤትሽ ቀደመችኝ።

---

መልኮ ማዶ | ኅዳር 17

አቅም ማጣት አይመስለኝም። ከሌሊቱ ነው። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ በአበባው ውስጥ ያለው ብናኝ በደንብ አይሠራም፤ ያልተዳቀለ አበባ ደግሞ ይረግፋል። በኅዳርና በታኅሣሥ እዚህ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድባቸው ሌሊቶች አሉ። ቆላ ያለ ሰው ይህንኑ ችግር በሙቀት ነው የሚያየው፤ ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሄደ እሱም አበባ ይረግፍበታል።

የምታደርጊው፦ ቀን ላይ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ አበባው ደረቅ ሲሆን የዘለላውን ጭራ በጣትሽ ቀስ አድርገሽ ምቺው፤ ወይም የተደገፈበትን እንጨት ነቅነቅ አድርጊው። ቲማቲም ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ነው፤ ብናኙ ግን በአበባው መሃል ባለው ቢጫ ቱቦ ውስጥ ስላለ ካልተነቀነቀ አይወርድም። ንፋስ ይህን ይሠራል፤ አበባውን ይዛ በደረቷ ጡንቻ የምታናውጠው ትልቋ ጥቁር ንብም ትሠራዋለች። የማር ንብ ግን ለዚህ ሥራ እምብዛም አትረባም። ጓሮሽ በግንብ የታጠረ ከሆነ ንፋስ አይገባም፤ እጅሽን ተጠቀሚ።

ማታ ደግሞ የውሃ ማጠጫሽን አስቀምጪው፤ ጠዋት አጠጪ። 

---

ሰርቦ መስኖ | ኅዳር 18

ስለ ውሃው በከፊል እስማማለሁ። ከወንዝ በወረፋ የሚያጠጣ ሰው ግን ጠዋትና ማታ መምረጥ አይችልም፤ ተራው ሲደርስ ነው የሚያጠጣው። ደግሞ አንድ ነገር አስታወሳችሁኝ፤ ሌሊቱ አበባውን የሚያረግፍ ከሆነ ሰው በእጁ የሚቀነጥሰው ለምንድን ነው? ብርዱ ድርሻውን ይወስዳል፤ የተረፈውን ብቻ ትቆጥራላችሁ። ይህ ራሱ አለመቀንጠስን ያጠናክርልኛል።

---

የአጋሮ ልጅ | ኅዳር 18

ወይም ያጠናክርልኛል ልበል እኔ፦ የመጀመሪያው ዘለላ በብርድ ግማሹ ከረገፈ፣ የቀረው ደግሞ ሒርማታ ነጋዴ እንዳሉት ተጨማዶ ከወጣ፣ ለማን ነው የምናስቀረው?

---

ሰርቦ መስኖ | ኅዳር 18

ለእኔ! ግማሹ ቢቀር ግማሽ ነው። ባዶ ግን ባዶ ነው።

---

የቆጪ ጓሮ | ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ቃል ባልገባም ያየሁትን ልጻፍ።

ያልተቀነጠሱት ሮማዎች ቀድመው ቀሉ፤ ለጥምቀት ማግስት ከጓሮዬ ቲማቲም ቀጥፌ ሰላጣ ሠራሁ። ከሚረዝሙት መካከል የተቀነጠሱት አሁን ከሁሉም ወፍራም ግንድ ያላቸው ናቸው፤ ሲታዩ ያምራሉ፤ ፍሬያቸው ግን ገና አረንጓዴ ነው። ያልተቀነጠሱት ወንድሞቻቸው ግንዳቸው ቀጠን ያለ ሆኖ የመጀመሪያውን ዘለላ እያቀሉ፣ ከላይም ሌላ ይዘዋል። ከፕላስቲክ የወጡት ከኋላ መጥተው ሌሎቹን በቁመት ደርሰውባቸዋል፤ ያን ሁሉ የተጠማዘዘ ስር ላየ ሰው ይህ ይገርማል። እንደዚያው ያልነካሁት አንድ ፕላስቲክ በማጠቢያው ጥግ ተረስቶ ነበር፤ እሱ አሁንም ስንዝር ነው፤ የለውዝ ፍሬ የምታህል አንዲት ቲማቲም ይዟል።

ባለቤቴ «አላልኩሽም?» እያለ ነው። ጎረቤቴም ወፍራሞቹን ግንዶች እያየች «አላልኩሽም?» እያለች ነው።

---

የአጋሮ ልጅ | ጥር 16

የካቲት መጨረሻ ላይ ከእያንዳንዱ የለቀምሽውን በኪሎ ንገሪን። ወፍራሙ ግንድ ያኔ ይናገራል። አሁን መፍረድ አይቻልም።

---

መልኮ ማዶ | ጥር 17

በዚህ እስማማለሁ፤ ረጃጅሞቹ ላይ ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ጠባብ ይሆናል ብዬ ነው የምገምተው። ሮማዎቹ ላይ ግን ሐሳቤ አይለወጥም። ያ ፕላስቲክ ውስጥ የቀረው ደግሞ እስካሁን የተከራከርንበትን በሙሉ ተሸክሞ ቆሟል፤ ፎቶ አንሥተሽ ብታስቀምጪልን ደስ ይለኛል።

---

ሒርማታ ነጋዴ | ጥር 17

ሁዳዴ ሊገባ ነው፤ ከጓሮ የተረፈው ካለ እቀበላለሁ። የተጨማደደውንም ቢሆን።

---

የሰቃ እርሻ | ጥር 19

ክሩን ዘግይቼ ነው ያገኘሁት። እኔ የምተክለው ቃሪያ ነው። ግንዱ ሁለት ቦታ በሚከፈልበት መሃል ላይ አንዲት አበባ ቀድማ ትወጣለች። እሷንስ?

---

መልኮ ማዶ | ጥር 19

እሷን ቀንጥሳት። ቃሪያ ከቲማቲም ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ያች የመጀመሪያዋ ፍሬ መገንጠያው ላይ ተቀምጣ ከላይ የሚመጡትን ቅርንጫፎች ታዘገያቸዋለች። አንዷን ብቻ ነው የምታነሳው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ተወው። የተተከለው በቅርቡ ከሆነና ቅጠሉ ገና ጥቂት ከሆነ ሁለተኛው መገንጠያ ላይ ያሉትንም ጨምር። የአጋሮ ልጅ፣ ደስ ይበልህ።

---

የአጋሮ ልጅ | ጥር 19

ደስ ብሎኛል። ለቃሪያው ሌላ ክር ክፈቱ፤ እዚያ ላይ እኔ ነኝ የማስተምረው።